የፖሊስ ሙያ ማኅበር ውስጥ እንዴት እንሳተፍ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባልደረቦች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚሠራ ፖሊስ ዕድር አለው። ዕቁብም ይጥላል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የገባም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚያጣው ስለ ሙያው ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚመክርበትን ቦታ ነው። ግምገማ አለ፤ ግምገማ ግን የአለቃና የበታች መድረክ ነው። ሻይ ቤትም አለ፤ ሻይ ቤት የተባለ ነገር ግን እዚያው ይቀራል። የሚጽፈው የለም፣ የሚከታተለው የለም። የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ መሀል ነው።

ይህን የምጽፈው ማኅበር ውስጥ መግባት ለሚፈልግ፣ ገብቶም መዋጮ ከመክፈል በቀር ምን እንደሚሠራ ግራ ለገባው ባልደረባ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የማስበው ገና ሥራ የጀመረውን ኮንስታብል ነው። አዳራሽ ገብቶ የገዛ አዛዡን ፊት ለፊት ሲያይ አፉ ይያዛል። የፖሊስን ማኅበር ከመምህራንም ከሐኪሞችም ማኅበር የሚለየው ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ፦ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለዩ

"ለመሆኑ ፖሊስ መደራጀት ይችላል?" የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። መልሱ እንደ አደረጃጀቱ ይለያያል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። በማኅበሩ በኩል ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይደራደራል። ይኸው አዋጅ ግን በአንቀጽ 3 የፖሊስ አባላትን፣ የመከላከያ ሠራዊት አባላትን፣ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። የእነሱ የሥራ ግንኙነት የሚመራው በሌላ ልዩ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87ም ቢሆን በአንቀጽ 9 የፖሊስንና የጦር ኃይሎችን ጉዳይ የየአገሩ ሕግ ይወስነው ብሎ ትቶታል።

ደቡብ አፍሪካን የሚጠቅስ ባልደረባ አይጠፋም። እውነት ነው፣ እዚያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ሠራተኞች ማኅበር አለ። የእነሱ ሕግ ይፈቅዳል፤ የእኛ ያንን መንገድ አልከፈተም። ስለዚህ የደመወዝ ድርድርና የሥራ ማቆም አድማ የሙያ ማኅበር አጀንዳ አይደሉም። ይህን ከመነሻው በግልጽ መነጋገር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይናገራል። አግባብ ያለውን ሕግ የጣሰ ማኅበር ግን የተከለከለ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የሙያ ማኅበርን ለብቻው ተርጉሞታል። በሙያ ላይ ተመሥርቶ የሚቋቋም ነው። የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማጎልበት፣ የአባላቱን ችሎታ መገንባት፣ ሙያውን ለኅብረተሰብ ጥቅም ማዋል ዓላማው ሊሆን ይችላል። ሰፊ ሜዳ ነው። የሚሠራበት ሰው ካለ ከበቂ በላይ ነው።

ፓርቲን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ፖሊስ ከወገንተኝነት ነፃ ሆኖ የሚሠራ ነው። ማኅበሩ ውስጥ የፓርቲ ወሬ፣ የብሔር ቡድን ወይም የሃይማኖት ክርክር ከገባ ማኅበሩ አበቃለት። አጀንዳው ሲነሳ ሰብሳቢው ወዲያው ይዝጋው።

ያለውን ማኅበር አጣሩ

"ማኅበር አለ" ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። የመረዳጃ ማኅበር አለ፣ የጡረተኞች ማኅበር አለ፣ የቁጠባ ማኅበር አለ፣ በስም ብቻ የቀረም አለ። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ወረቀት ጠይቁ። የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ የመተዳደሪያ ደንብ፣ የመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ።

ምዝገባው ከማን እንደሆነ ተመልከቱ። በፌዴራል ደረጃ ከአንድ በላይ ክልል ውስጥ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚመዘገቡት በአዋጅ 1113 መሠረት ነው። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ደግሞ የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው። ደሴ ላይ የከተማው አስተዳደር ፖሊስም የደቡብ ወሎ ዞን ፖሊስም መሥሪያ ቤት አላቸው። ስለዚህ ማኅበሩ የየትኛውን መሥሪያ ቤት አባላት እንደሚቀበል መጠየቅ አይከፋም። የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባም ካለ እሱም ይጠይቅ።

የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ከተሰበሰቡ ዘመን ከሆናቸው፣ ወይም ቃለ ጉባኤውን ለማሳየት ካመነቱ፣ መዋጮ ለመክፈል አትቸኩሉ።

ደንቡን እንደ መርማሪ አንብቡት

ብዙ ሰው ደንብ ሳያነብ ይፈርማል። እናንተ በሥራችሁ ሰው ያላነበበውን ቃል እንዲፈርም አትፈቅዱም፤ ለራሳችሁም እንዲሁ አድርጉ።

መጀመሪያ የአባልነት አንቀጹን አንብቡ። ጡረተኛ፣ ሲቪል ሠራተኛ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው አባል መሆን ይችላል? ዝውውር የደረሰው አባል ምን ይሆናል? ቀጥላችሁ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እለፉ። እያንዳንዱ አባል እኩል አንድ ድምፅ አለው ወይስ በማዕረግ ወይም በኃላፊነት የተያዘ ወንበር አለ? "የመምሪያው ኃላፊ በሥልጣኑ የማኅበሩ ሰብሳቢ ይሆናል" የሚል አንቀጽ ካገኛችሁ ቆም በሉ። ያ የሙያ ማኅበር መሆኑ ይቀርና የመሥሪያ ቤቱ ሌላ ክፍል ይሆናል። ሰውየው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገ የሚተካው ግን ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

የገንዘቡን አንቀጽ፣ አባል የሚሰናበትበትን ሁኔታና ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ የት እንደሚሄድ የሚናገረውንም አትዝለሉ።

ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ

ተደብቆ አባል መሆን ለማንም አይበጅም። የመሥሪያ ቤታችሁን የአስተዳደር ደንብ አንብቡና ማሳወቅ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ወይም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

"ጉዳዩ፦ የሙያ ማኅበር አባልነትን ስለማሳወቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው በ……… ማኅበር አባል ለመሆን ማመልከቻ ማስገባቴን አሳውቃለሁ። የማኅበሩ ስብሰባዎች ከመደበኛ ሥራዬና ከተረኝነቴ ጋር እንዳይጋጩ አደርጋለሁ። የሥራ ምስጢርና የምርመራ መረጃ ከማኅበሩ እንቅስቃሴ ጋር እንደማላገናኝ አረጋግጣለሁ። የማኅበሩን የመተዳደሪያ ደንብ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።"

ሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ ለራሳችሁ አስቀምጡ። አለቃችሁ በቃል "ችግር የለም፣ ግባ" ቢላችሁም ደብዳቤውን አስገቡ። የቃል ፈቃድ አለቃው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ስብሰባው፦ ማዕረግ ያለበት አዳራሽ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በሥራ ላይ ማዕረግ አስፈላጊ ነው። ስምሪት ላይ ማን ያዛል፣ ማን ይታዘዛል የሚለው ግልጽ ካልሆነ ሰው ይሞታል። ይህ ልማድ ግን ከአዳራሹ በር ላይ አይቀርም። ኮማንደሩ ሲገባ ሁሉም ብድግ ይላል። ኮማንደሩ መጀመሪያ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ "ኮማንደር እንዳሉት" ብሎ ይጀምራል። ስብሰባው አለቀ። የኮንስታብሉ ሐሳብ ከነጭራሹ አልተሰማም። ሌሊት ጥበቃ ላይ የሚቆመው፣ ተጠርጣሪውን መጀመሪያ የሚይዘው፣ ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ደግሞ እሱ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊሶች በ1918 እና በ1919 እ.ኤ.አ. አድማ መቱ። በ1919ኙ የተሳተፉት ከሥራ ተባረሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ፖሊስ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎ በምትኩ የፖሊስ ፌዴሬሽን የሚባለውን አቋቋመ። ልብ በሉ፣ ያኔ ኮንስታብሎች ለብቻ፣ ሳጅኖች ለብቻ፣ ኢንስፔክተሮችም ለብቻ ኮሚቴ ነበራቸው። ኮንስታብሉ ኢንስፔክተሩ በሌለበት ሐሳቡን ይናገራል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የፖሊስ ማኅበር ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1950 እ.ኤ.አ. የመሠረተው አርተር ትሩፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሳጅን ነው። በሥራ ላይ ያለም ጡረታ የወጣም ፖሊስ፣ ማዕረግ ሳይለይ አባል ይሆናል።

እኛ አካባቢ ባለ አነስተኛ ማኅበር ለየብቻ ኮሚቴ ማቋቋም ይከብድ ይሆናል። የሚከተሉት ግን ያለ ገንዘብ ይሠራሉ።

ሁሉም ሲቪል ለብሶ ይምጣ። ትከሻ ላይ ምንም ከሌለ ግማሹ ሥራ ቀለለ ማለት ነው። ሰብሳቢው የአባላቱን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላ ሰው ባይሆን ይመረጣል። ንግግር ከዝቅተኛው ማዕረግ ይጀምር፤ ከፍተኛ መኮንኖች መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ይህን ደንብ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ካልሆነም ሰብሳቢው በልማድ ያስገባው። ምርጫ በምስጢር ድምፅ ይሁን። እጅ ማውጣት ለትንሽ ጉዳይ ይበቃል፤ ለሰው ምርጫ ግን አይሆንም። ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ፣ ስም ሳይጠቀስ በሣጥን ይሰብሰብና ጸሐፊው ያንብበው። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው። ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁለት ሦስት ስብሰባ ሲያልፍ ይሞላል።

ከፍተኛ መኮንን ከሆናችሁ አንድ ልመና አለኝ። ወደ አዳራሹ ስትገቡ ሰው ብድግ ሲል "ተቀመጡ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ሄዳችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። የበታቻችሁ የማትወዱትን ነገር ሲናገር ማስታወሻ ያዙ፤ መልስ አትስጡ። በሚቀጥለው ጠዋት ጣቢያ ላይ ያ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያያል። የማኅበሩ ዕድሜ በዚያ ጠዋት ይወሰናል።

ኮንስታብል ከሆናችሁ ደግሞ ንግግራችሁ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰው አይሁን። "ኢንስፔክተር እገሌ ፈረቃ ያዛባል" ካላችሁ ጠብ ነው። "ሌሊት ያደረ ሰው በማግስቱ ፍርድ ቤት ምስክር ሆኖ ሲጠራ ዕረፍቱ እንዴት ይተካ?" ካላችሁ ግን ማንም የማይሸሸው የሥራ ጥያቄ ነው።

ሰዓቱም የተሳትፎ ጉዳይ ነው። ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ግማሹ ሰው ስምሪት ላይ ነው። ዓርብ ከቀትር ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገቡም ሰዓቱን ማስተካከል የወሎ ሰው ደንብ ነው። ከመሸ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ደግሞ ሴት ባልደረቦችን ያስቀራል። ቤት ልጅ አለ፣ የደሴም ምሽት ብርዱ ከባድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያስማማ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያቅፍ ማኅበር ከሆነ አንዴ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ እየተፈራረቀ ይሁን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁልጊዜ የሚመላለሰው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ይሰለቻል።

ትንሽ ሥራ ያዙ

አባል ሆናችሁ ወዲያው ለሰብሳቢነት አትወዳደሩ። ጸሐፊነት ወይም የጸሐፊ ረዳትነት ጠይቁ። ማኅበር የሚኖረው በሚጻፈው ነገር ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ "ስለ ሥልጠና ሰፊ ውይይት ተደርጓል" ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልተደረገ ያህል ነው። እንዲህ ጻፉት፦

"የምርመራ መዝገብ አያያዝ ሥልጠና በኅዳር የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሰጥ በ14 ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞ፣ በ1 ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። አሠልጣኝ የሚጋብዘው ጸሐፊው ሲሆን ውጤቱን እስከ ኅዳር 10 ለኮሚቴው ያሳውቃል።"

ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። የተቃወመውም ይቆጠር። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህን ወረቀት አንብቦ "ተፈጸመ፣ አልተፈጸመም" ማለት ይሁን።

የሙያ ጉዳይ ይዛችሁ ኑ

ስብሰባው በመዋጮና በዕቃ ግዢ ብቻ ካለቀ ሰው ይቀራል። በእያንዳንዱ ስብሰባ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለሙያ ጉዳይ ይመደብ። እኔ ብጠየቅ በ48 ሰዓቱ እጀምር ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል፤ ለጉዞ አግባብ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እስቲ በምሳሌ እንየው። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ፒያሳ አካባቢ በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ተያዘ። 48 ሰዓቱ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ይሞላል። ተረኛው መርማሪ ቅዳሜ ጠዋት ምን ይሠራል? ተረኛ ችሎት መኖሩን ማን ያጣራል? የተያዘበት ሰዓት መዝገብ ላይ የሰፈረው ጣቢያ ሲደርስ ነው ወይስ ሲያዝ? አንድ ገጽ ላይ ይህን ታሪክ ጽፋችሁ አራት አራት ሆናችሁ ተወያዩ። በየቡድኑ ማዕረግ ይቀላቀል። አንድ ዐቃቤ ሕግ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሕግ መምህር ጋብዙና መጨረሻ ላይ አስተያየት ይስጥ። የእውነተኛ ሰው መዝገብ አትጠቀሙ፤ ስም ቢቀየርም ከተማው ትንሽ ነው፣ ሰው ይለየዋል።

ትራፊክ ላይ ያለ ባልደረባ ሐረጎን ያንሳ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የማያውቅ የለም። "ሐረጎ ላይ መኪና ፍሬን እየበጠሰ ሰው አለቀ" ማለት ምሬት ነው። የማኅበር ሥራ የሚሆነው ወደ ጥያቄ ሲቀየር ነው። ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑ የት ይፈተሽ? አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደርሰው ፖሊስ መንገዱን ከላይም ከታችም እንዴት ይዝጋ? የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ስንት አባል አለን? ከዚህ ውስጥ ቢያንስ የመጨረሻው በማኅበሩ አቅም የሚመለስ ነው። ቀይ መስቀልን ወይም የጤና ባለሙያ ጠርቶ ማሠልጠን ይቻላል።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ከፈረቃ ሲወጡ የሚደርስባቸውን ትንኮሳና ንጥቂያ እንዴት እንቀበላለን? አቤቱታ ለማቅረብ የመጣችውን ልጅ የሚያናግራት ማን ነው፣ የትኛው ክፍል ውስጥ? ይህ የሴት ባልደረቦች አጀንዳ ብቻ አይደለም፤ ውይይቱን ግን እነሱ ቢመሩት ይሻላል። መነሻው በ1915 እ.ኤ.አ. የሆነ የሴት ፖሊሶች ዓለም አቀፍ ማኅበርም አለ፤ ፍላጎት ያላት ባልደረባ ከአገር ውጭ ካሉት ጋር የምትገናኝበት አንዱ በር ነው።

ገንዘብ እና ቴሌግራም

ሁለቱንም አብሬ ያነሳሁት ማኅበር በአብዛኛው የሚፈርሰው በእነዚህ ስለሆነ ነው።

ገንዘብ በግለሰብ ስም አይቀመጥ። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም፣ በጣምራ ፊርማ ይከፈት። ያለ ደረሰኝ አምስት ብርም አትቀበሉ፣ አምስት ብርም አታውጡ። የኦዲት ኮሚቴው ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ ካሉ አባላት ይመረጥ። ከነጋዴ ወይም ከባለሀብት የሚመጣ "ስጦታ" ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ዛሬ የማኅበሩን ወንበር የገዛ ሰው ነገ ጣቢያ ላይ ጉዳይ ሊኖረው ይችላል። በአባላት መዋጮ የሚሄድ ድሃ ማኅበር ይሻላል።

የቴሌግራም ግሩፕ ለስብሰባ ጥሪና ለሥልጠና ጽሑፍ ብቻ ይሁን። የተጠርጣሪ ፎቶ፣ የአስከሬን ፎቶ፣ የስምሪት መረጃ፣ "ማታ የያዝነው ሰው" የሚል ወሬ አይገባም። ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው፤ እናንተ የለጠፋችሁት ፎቶ ደግሞ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈር ይደርሳል።

ማኅበር ከሌለ

ከየክፍሉ፣ ከየማዕረጉ ጥቂት ሰዎች ሰብስቡ። መርማሪ፣ ትራፊክ፣ የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ሠራተኛ፣ ቢቻል አንድ ጡረተኛ። ከሁሉም በፊት የመምሪያውን ኃላፊ አነጋግሩና ዓላማውን በአንድ ገጽ ስጡት። ቀጥሎ ረቂቅ ደንብ አዘጋጁ። የምሥረታ ጉባኤ ስታደርጉ የመሥራቾች ስም፣ አድራሻና ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ ይኑር። መዝጋቢው አካል የመሥራቾችን መታወቂያ ቅጂ፣ ደንቡን፣ የማኅበሩን ስምና አርማ፣ ዓላማውን፣ አድራሻውን ይጠይቃል። ሳትመዘገቡ መዋጮ አትሰብስቡ። ዓላማችሁን ስትጽፉም አታብዙት። ሦስት የምትፈጽሙት ዓላማ ካላችሁ ይበቃል።

ዝውውር ሲመጣ

ፖሊስ ይዛወራል። ጸሐፊው ዛሬ ደሴ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ወረዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኃላፊነት የያዘ አባል ሁሉ ምክትል ይኑረው፤ ምክትሉም ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ይወቅ። የዝውውር ደብዳቤ በደረሳችሁ ሳምንት ርክክብ አድርጉ። ቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ ማኅተም፣ ያልተጠቀማችሁበት የደረሰኝ ጥራዝ፣ የባንክ ደብተር፣ የግሩፑ አስተዳዳሪነት። ባንክ ሄዳችሁ ፊርማችሁን አስቀይሩ። ርክክቡን ሁለታችሁ ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። በሄዳችሁበት ቦታ ማኅበር ካለ አባልነታችሁ እንዲተላለፍ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፉ፤ ከሌለ ደግሞ የደንቡን ቅጂ ከሻንጣችሁ አትርሱ፣ እዚያ ለምትጀምሩት ረቂቅ ይሆናችኋል።